መዝግቡን፣ ፈትኑን፣ ተከታተሉን፦ ስለ መጥሪያ አድራሾች ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት፣ የፍትሕና የሕዝብ ደህንነት ኮሚቴ
ግልባጭ፦ ለዲሲ ሱፒሪየር ኮርት፤ ለከተማው የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መምሪያ

ጉዳዩ፦ የግል መጥሪያ አድራሾች በፈቃድ እንዲሠሩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤

በዚህ ከተማ መጥሪያ በማድረስ የምተዳደር ሰው ነኝ። የክስ ወረቀት ከጠበቆች ቢሮ እቀበላለሁ። ተከሳሹ ያለበት ድረስ ሄጄ እሰጣለሁ። ከዚያም መስጠቴን በመሐላ አረጋግጬ ለፍርድ ቤት አስገባለሁ። በአማርኛ የምጽፍላችሁ ሁለት ምክንያት ስላለኝ ነው። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕጋችሁ አማርኛ ተናጋሪው የከተማውን መሥሪያ ቤቶች በቋንቋው እንዲያናግር በር ከፍቶለታል። ሁለተኛ፣ የማነሳው ጉዳይ ወገኖቼን ክፉኛ ስለሚነካ እነሱም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። መጥሪያ አድራሾችን መዝግቡን፣ ፈትኑን፣ ፈቃድ ስጡን። ከሰጣችሁን በኋላም አትርሱን፤ ተከታተሉን።

ዛሬ በዲሲ መጥሪያ ለማድረስ 18 ዓመት መሙላትና የክሱ ተከራካሪ አለመሆን ይበቃል። ፈተና የለም። የጣት አሻራ የለም። ስማችን የሚመዘገብበት መዝገብ የለም። ጎረቤቶቻችን ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በዚሁ ከተማ ግን ፀጉር ለማስተካከል ፈቃድ ያስፈልጋል። ታክሲ ለመንዳት ፌስ ካርድ ማውጣት ግድ ነው፤ ያንን ካርድ ለማውጣትና ለማሳደስ ምን ያህል እንደሚለፋ የእኛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። የሰው ቤትና ደመወዝ የተንጠለጠለበትን ወረቀት የሚያደርሰውን ሰው ግን ከተማው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ይህ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ ላስረዳ። አንድ ሰው በፍትሐ ብሔር ሲከሰስ፣ መጥሪያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ካልሰጠ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ታዲያ ዳኛው መጥሪያው መድረሱን በምን ያውቃል? በእኔ ወረቀት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አድራሻውን፣ የተቀበለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜው ስንት እንደሚሆን፣ ቁመቱንና መልኩን ጽፌ እፈርምበታለሁ። ተከሳሹ ካልመጣ የሚቃወመኝ የለም። የማይመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጥሪያው ስላልደረሰው ነው። ስለዚህ ውሸታም አድራሽ ሥራውን በደንብ ባበላሸ ቁጥር የመጋለጥ ዕድሉ ያንሳል። ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ሌላ ነገር በመሃል የለም።

የሱፒሪየር ኮርት ፍርድ 12 ዓመት ይቆያል። ሰውየው ሥራ ቢቀይር፣ ቤት ቢቀይር፣ ፍርዱ ይከተለዋል።

የማውቀው አንድ ወንድማችን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን የደመወዝ ቼኩ ጎድሎ መጣ። አለቃውን ቢጠይቅ "የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው" አለው። ስለ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያወራ አልገባውም። ፋይሉ ሲወጣ የአሮጌ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ሆነ። ቃለ መሐላው ላይ መጥሪያው "አብራው ለምትኖር፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ ለሆነች ሴት" ተሰጠ ይላል። ይህ ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ለራሱም አትበቃውም። ወረቀቱን አደረስኩ ያለው ሰው ስም ፊርማው ላይ አለ፤ ግን ማን ነው? የት ይገኛል? ከዚህ በፊት ስንት ሰው ላይ እንዲህ አድርጓል? የሚጠየቅ ቢሮ አጣን።

ወንድማችን ፍርዱን ለማስነሳት ማመልከቻ አስገባ፤ በነጻ የሚያግዝ ጠበቃም አገኘ። ብዙው ሰው ግን እስከዚያ አይሄድም። "ምን ላድርግ፣ የመንግሥት ነገር ነው" ብሎ ይተወዋል። ያ ገንዘብ የልጅ ትምህርት፣ እናት አገር ቤት የምትጠብቀው የወር መደጎሚያ ሊሆን ይችላል።

የእኛ ሰው በዚህ ጉዳይ ለምን ቶሎ እንደሚጎዳም ልንገራችሁ፤ ከበር ላይ ሆኜ የማየው ነው። አገር ቤት መጥሪያ ሲመጣ ተቀባዩ በሁለተኛው ቅጂ ላይ ይፈርማል። "ፈርሜ ተቀበልኩ" ማለት ነው ነገሩ። እዚህ ፊርማ አይጠየቅም። እናም አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው ወረቀቱን ያዩና "እኔ አልፈርምም" ይሉኛል። "እማማ፣ ፊርማ አያስፈልግም፤ ብቻ ይህን ያንብቡ፣ ወይ ለልጅዎ ያሳዩ" እላለሁ። ወረቀቱን ደፉ ላይ አስቀምጬ ስሄድ ከኋላዬ በሩ ይዘጋል። እሳቸው አልፈረሙምና አልተከሰሱም ብለው ያስባሉ። ሕጉ ግን ደርሷቸዋል ይላል። መጥሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአማርኛ ትርጉም የሚፈልግ የት እንደሚደውል የምትገልጽ አንዲት መስመር አለች። ያቺን መስመር በጣቴ ሳላሳይ ሄጄ አላውቅም። እንዳሳይ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም አያስገድደኝምም። ሌላው አድራሽ ወረቀቱን ወርውሮ ቢሄድ ምንም አይለውም።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ዘመን በር ሲንኳኳ ብዙ ስደተኛ የሚያስበው ኢሚግሬሽንን ነው። መብራት ይጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ ልጆች "እሽሽ" ይባላሉ። ፎቶ ያለበት፣ ከተማው የሰጠው፣ ቁጥሩን ስልክ ላይ አስገብቶ ማረጋገጥ የሚቻል መታወቂያ ቢኖረኝ በመስኮት አሳይቼ ማንነቴን እናገራለሁ። ዛሬ የማሳየው መንጃ ፈቃዴን ነው። መንጃ ፈቃድ ደግሞ ማንም አለው። አጭበርባሪም "ከፍርድ ቤት ነኝ" ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ሰዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩበት መንገድ ስጧቸው።

ክቡራን፣ ይህ ችግር ለእናንተ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ ከተማ የተሠራ የጋዜጠኝነት ምርመራ ለተከራዮች ደረሱ የተባሉ መጥሪያዎች ላይ የሐሰት ቃለ መሐላ መኖሩን አወጣ። እናንተም ዝም አላላችሁም። በር ላይ የሚለጠፍ የቤት ልቀቅ ክስ መጥሪያ ቀንና ሰዓቱ የሚነበብ ፎቶ እንዲቀርብበት ደነገጋችሁ። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ፎቶው ብዙ ለውጧል። ግን ፎቶው የሚይዘው በር ላይ የተለጠፈውን ነው። "በእጁ ሰጠሁት"፣ "አብራው ለምትኖር ሴት ሰጠሁ" የሚለው ቃል አሁንም በአድራሹ ቃል ብቻ ይቆማል። የወንድማችንም ጉዳይ ያመለጠው በዚሁ ነው።

ኒውዮርክን ተመልከቱ። እዚያ መጥሪያን ቆሻሻ ጉድጓድ ወርውሮ "አድርሻለሁ" ብሎ መማል ከስንት ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ባለዕዳ ተብለው በሌሉበት የተፈረደባቸው ሰዎች የጋራ ክስ መሠረቱ። የአድራሾቹ መዝገብ ሲመረመር አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ ተገኝቼ መጥሪያ ሰጠሁ ያለበት ብዙ ጊዜ ተገኘ። ክሱ በመጨረሻ በ59 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ገንዘቡ ትልቅ ነው፤ እኔን የገረመኝ ግን ማስረጃው ነው። ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ውሸቱ ያኔውኑ ይታይ ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት በየፋይሉ ስለተቀበረ ማንም አላየውም።

የኒውዮርክ ከተማ በ2010 ሕጉን አጠበቀ። እዚያ በዓመት አምስትና ከዚያ በላይ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው ፈቃድ ያወጣል። ፈተና ያልፋል። የ10 ሺህ ዶላር ዋስትና ቦንድ ያስይዛል፤ ድርጅት ከሆነ 100 ሺህ። ባደረሰበት ቦታ ሁሉ ጂፒኤስ ይመዘግባል። መዝገቡን ለሰባት ዓመት ያስቀምጣል። ማድረሱ ፍርድ ቤት ውስጥ ጥያቄ ከተነሳበት ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ፈቃዱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

ቴክሳስ ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚያ አድራሹ በግዛቱ የፍትሕ አካል ሥር ባለ ኮሚሽን ይመሰከርለታል፤ ኮርስ ይወስዳል፤ የጣት አሻራ ይሰጣል። ለፍርድ ቤት በሚያስገባው ወረቀት ላይ የምስክር ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን መጻፍ አለበት። ይህቺ ነገር ቀላል ትመስላለች። ዳኛው ግን ፋይሉን እንደገለጠ የዚህ ሰው ፈቃድ አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለውን ያያል። ፍሎሪዳ ደግሞ አድራሹ ለተቀባዩ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መለያ ቁጥሩን እንዲጽፍ ታስገድዳለች። እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ይህን ነው። እማማ በሩን ዘግተው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ቢጥሉት እንኳ፣ ማታ ልጃቸው ሲመጣ ማን፣ መቼ እንዳመጣው እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል። አሪዞና በየዓመቱ 10 ሰዓት ትምህርት ትጠይቃለች።

አሁን የምጠይቃችሁን ልዘርዝር፤ የሥራ ሰው ስለሆንኩ ከመሬት ጀምሬ ነው።

ፈቃዱን ለማግኘት ፈተና ይኑር፤ ፈተናው ግን የቃላት ሽምደዳ አይሁን። አብሮ የሚኖር ሰው ማለት ማን እንደሆነ፣ ለጎረቤት መስጠት ለምን እንደማይቆጠር፣ ስንት ሙከራ ካደረጉ በኋላ ምን ማለት እንደሚቻል፣ ተቀባዩ አልቀበልም ቢል ምን እንደሚደረግ ይጠይቅ። መጥሪያው ላይ ስላለችው የትርጉም መስመርም ይጠይቅ። የዲሲ ሕዝብ ቋንቋው ብዙ ነው፤ ያንን የማያውቅ ሰው በር ማንኳኳት የለበትም።

ወደ ሥራው ለመግባት የሚጠየቀው ገንዘብ ግን አቅምን ያገናዘበ ይሁን። በዚህ ሥራ ብዙዎቻችን ተቀጣሪ አይደለንም፤ በ1099፣ ማለትም በግል ተቋራጭነት ነው የምንሠራው፣ የሚከፈለንም በወረቀት ልክ ነው። ትልቅ ቦንድና ትልቅ ክፍያ ቢጫንብን ሥራው ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ይቀራል። ውሸቱን በብዛት የሚያመርተው ደግሞ በብዛት የሚሠራው ነው። ቦንዱን በድርጅቱ ላይ አክብዱት፣ በግለሰቡ ላይ አቅልሉት።

ከማግኘቱ ይልቅ መጠበቁ ላይ በርቱ። እኔን አንድ ቀን ፈትናችሁ ካርድ ሰጥታችሁ ብትለቁኝ ምንም አልተለወጠም። ሲታደስ መዝገቤን ክፈቱት። ለፍርድ ቤት ካስገባሁት ወረቀት ላይ በዕጣ ጥቂቱን መዛችሁ ከጂፒኤሱ ጋር አስተያዩት። በአንድ ሰዓት ደቡብ ምሥራቅም ጆርጅታውንም ነበርኩ ካልኩ ያኔ ጠይቁኝ። በየጊዜው ትምህርት እንድወስድ አድርጉ፤ ሕጉ ይለወጣል፣ ፎቶውን በተመለከተ እንኳ ከ2020 ወዲህ የተለወጠውን የማያውቅ አድራሽ አጋጥሞኛል። በእኔ ላይ ፍርድ ቤት ውስጥ ተቃውሞ ተነስቶ ዳኛው አድራሹን አላመንኩትም ካለ ያ ውሳኔ ወደ ፈቃድ ሰጪው ይድረስ። ዛሬ እዚያው ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ሰውየው በማግስቱ ሌላ በር ያንኳኳል።

ስለ ጂፒኤስ አንድ ስጋት አለኝ። የት እንደዋልኩ ሁሉ እንዲመዘገብ አልፈልግም፤ ማንም አይፈልግም። መጥሪያ ስሰጥና ስሞክር ብቻ ይመዝገብ። የተከሳሾችም አድራሻ ስላለበት መረጃው ለሽያጭም ሆነ ለሌላ የመንግሥት አካል እንዳይተላለፍ በሕግ ይታሰር። ሰው መጥሪያ ስለደረሰው ብቻ ሌላ መሥሪያ ቤት በሩ ላይ እንዳይመጣበት።

ክፍያውንም ተመልከቱት። ብዙ ቦታ ካላደረስክ አይከፈልህም። ለብዙ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች መጥሪያው በ60 ቀን ውስጥ መድረስ ስላለበት የጠበቃው ቢሮ ድርጅቱን ያጣድፋል፣ ድርጅቱ እኛን ያጣድፋል። ሰው ደጋግሞ ሄዶ ሲያጣ፣ ቤንዚኑን ከኪሱ ሲከፍል፣ ውሸት መጻፍ ያጓጓዋል። በሐቅ የተደረገ ሙከራ ቢከፈልበት "አላገኘሁትም" ብሎ መጻፍ ኪሳራ አይሆንም። ድርጅቶች ለሙከራ እንዲከፍሉ የፈቃዳቸው ግዴታ አድርጉት። ውሸቱን በግለሰቡ ላይ ጥለው ነጻ እንዳይወጡም አድርጉ፤ አድራሻ ሲያጣራ፣ ወረቀት ሲቀበል፣ ደረሰኝ ሲልክ የከረመው ድርጅቱ ነው።

የፈቃዱ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። አንድ ሰው ስሜን ወይ ቁጥሬን አስገብቶ ፈቃዴ የጸና መሆኑን፣ ታግዶ እንደሆነም፣ በስልኩ ማየት ይቻል። ቅሬታ የሚቀርብበት ቅጽም በአማርኛና የቋንቋ ሕጉ በሚያውቃቸው ሌሎች ቋንቋዎች ይዘጋጅ። ወንድማችን ያን ጊዜ የፈለገው ይህንኑ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ "የፍርድ ቤቱን አሠራር መንካት አንችልም" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ የዲሲ ፍርድ ቤቶችን አደረጃጀትና ሥልጣን ከእጃችሁ አውጥቶታል። ሙያን በፈቃድ መምራት ግን የከተማው ሥልጣን ነው፤ ፀጉር አስተካካዩንም የታክሲ ሹፌሩንም የምትመሩት በዚሁ ነው። ፈቃዱን የፈቃድና የሸማቾች ጥበቃ መምሪያ ቢሰጥ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በራሱ ደንብ የፈቃድ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን የሌለው ቃለ መሐላ አልቀበልም ቢል፣ ሁለቱ ተጋግዘው ይሠራሉ። ለዚህ ነው ግልባጩን ለሁለቱም ያደረግሁት። ዘመድ ለዘመዱ፣ ጓደኛ ለጓደኛው አንድ ጊዜ የሚያደርሰውን ሰው አታስቸግሩት፤ ኒውዮርክ እንዳደረገችው ፈቃዱ በዓመት ከተወሰነ ቁጥር በላይ በሚያደርስ ላይ ይሁን። ድሃ ከሳሽም አለ፤ ወንድሙን ልኮ መጥሪያ የሚያደርስ።

የቤት ልቀቅ መጥሪያን በተመለከተ ከዚህም በላይ ጥብቅ ብትሆኑ አልቃወምም። በቴክሳስ ያንን መጥሪያ፣ ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር፣ የግል አድራሽ አያደርሰውም፤ የመንግሥት መኮንን ነው የሚያደርሰው። እዚህ ሰውን ከቤት የሚያስወጡት የዩናይትድ ስቴትስ ማርሻሎች ናቸው፤ መጥሪያውን ግን ማንም ይዞት ይመጣል። ቢያንስ በዚህ ዓይነት መጥሪያ ላይ ፈቃድ የሌለው ሰው እጅ እንዳይገባ ከዛሬ ጀምራችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። የእኔን ገቢ ይቀንሰዋል፤ ይቀንሰው።

በሥራ ባልደረቦቼ መካከል "ለምን ራስህ ላይ ገመድ ትጠይቃለህ?" የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ፊርማዬን ከዚያ "አብራው ለምትኖር ሴት" ብሎ ከጻፈው ሰው ፊርማ ጋር ዳኛው እኩል እንዲያየው አልፈልግም። ዛሬ እኩል ነው የሚያየው፤ የሚለይበት ነገር የለውማ።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሕዝብ አስተያየት መድረክ አዘጋጁ። አስተርጓሚ ይኑርበት፤ በሌሉበት የተፈረደባቸው ተከራዮችና ባለዕዳዎች፣ አድራሾች፣ አከራዮችና ጠበቆች ይምጡ። ሰዓቱ ከሥራ በኋላ ቢሆን ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ወንድማችንም መምጣት ይችላል። እኔ ቀርቤ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ፤ የማድረሻ መዝገቤንም የሰዎች ስም ተሸፍኖ እንድታዩት ይዤ እመጣለሁ። ቀኑን አሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

በዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ የግል መጥሪያ አድራሽ